ምክር ፈላጊው መምህር

ከሌባ ይልቅ ምክር ጠያቂ ይፈራል። ሌባ የሚወስደው ያለዎትን ነው፤ ምክር ጠያቂ ግን ገና ያልሠሩትንም ይወስዳል። አናጢው ይህን ለመማር ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል። ያስተማሩት ደግሞ ክቡርነታቸው መምህሩ ናቸው።

መምህሩ ድሮ መጋዘን በነበረ አንድ ረጅም ክፍል ውስጥ የድሃ ልጆችን በነፃ ያስተምራሉ። ሰው ለምነው ግን አያውቁም። «አንተ ባለሙያ ነህ፤ ምክር ፈልጌ ነው» ነው የሚሉት። ከዚህ እንጨት አግዳሚ ወንበር ይወጣል? አናጢው አይወጣም ይላል። ማዶ ያለው አናጢም እንደዚያው ብሎኛል ብለው ይሄዳሉ። የዚያ ተፎካካሪው ስም ሲነሳ ደሙ ይፈላል፤ በሳምንቱ ስድስት አግዳሚ ወንበር አሸክሞ መጋዘኑ በር ላይ ይቆማል።

ነርሷን ስለ ቅማል አማከሯት፤ ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ የሰማንያ ልጅ ራስ ስትፈትሽ ትውላለች። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ቀብቶ እፎይ ሲል ጣሪያው ቅር አይለው ይሆን ብለው ጠየቁት። አናጢው አንድ ቀን ጓዳ ተደበቀ። መምህሩ ሚስቱን አማክረው ተመለሱ፤ እሷም ለአራት መስኮት መጋረጃ ሰፋች።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ መጡ። አናጢው ቁም ሳጥን እየላገ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያቸው።

«መምህር፣ ዘንድሮስ አልችልም። ወገቤም እጄም አልቋል።»

ምክር ፈልገው እንደመጡ ነግረውት ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል፣ ማስተማሩን ያቁሙ ብሎኛል። የሚተካኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱን ልዝጋው እንዴ?»

አናጢው ወጥመዱን ፈለገ። ማዶ ያለው አናጢ ስም አልተነሳም። መምህሩ ዓይን ዓይኑን እያዩ መልሱን ይጠብቃሉ። ለካ ዛሬ ምክሩ በእውነት ቸግሯቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በገላገለኝ ሲለው የኖረው ቀን መጥቶለት፣ ዝጉት ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ አልወጣ አለ። እኚህን አድካሚ ሰውዬ ይወዳቸዋል፤ ማወቁ ራሱ አናደደው።

መላጊያውን አስቀመጠና፣ «ልጆቹ ማባዛት እስከ ስንት ነው የሚማሩት?» አለ።

«እስከ አሥራ ሁለት።»

«እኔ ከሰባት በላይ አልችልም።»

«ከልጆቹ ጋር ሰባት ላይ የምትደርሱት ከሁለት ወር በኋላ ነው» አሉ መምህሩ። «እስከዚያ ስምንትን አስጠናሃለሁ።»