የበረዶ ደቦ

በእኛ አገር ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሚያርሰውን፣ የሚያጭደውን፣ አጥር የሚያጥረውን፣ ሌላው ቀርቶ ገደል የገባች ፍየል ለማውጣት ገመድ የሚጎትተውን አይቶ «እግዜር ያበርታህ» ሳይሉ መሄድ ነውር ነው። ብለው መሄድም ቢሆን ግማሽ ነውር ነው። ዱላን አስቀምጦ፣ ጋቢን ወገብ ላይ ሸብ አድርጎ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። እኔ ያደግሁት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። እዚያ ሰነፍ ሰው እንኳ መንገድ ይቀይራል እንጂ በሥራ አጠገብ አያልፍም። ጎንደር ገብቼ፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምርም ይህ ጠባይ አልለቀቀኝም። ሚኒባስ ሲቆም መጀመሪያ ወርጄ የምገፋው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ የከተማ ልጅ ስለሆነች «ሳይጠሩት አቤት ባይ» እያለች ከመስኮቱ ታየኛለች።

ጠባይ ደግሞ ቪዛ አያስፈልገውም። ጥሩወርቅ ለሦስተኛ ዲግሪ ካናዳ ዕድል አግኝታ እኔም ስከተላት አብሮኝ መጣ። (በቅጹ ላይ የእኔ ማዕረግ «ጥገኛ» ይላል። ሃያ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ሳለ ጥገኛ መባሉ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ ምድጃውን፣ እቃ ማጠቡንና ገበያውን ስረከብ ግን ማን በማን እንደተጠጋ ግልጽ ሆነልኝና ተውኩት።) የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ሰዎቿ ስማቸው ሲነሳ አይወዱም። ትልቅ ናት፣ ሜዳ ናት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነጭ ናት። በክፍል ውስጥ ስለ በረዶ ያስተማርኩት ሁሉ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፉ የዘነጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠርገው እኔ መሆኔን።

የተከራየነው የእማማ ዶሪንን ምድር ቤት ነው። እሳቸው ከላይ፣ እኛ ከታች። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው በአውሮፕላን አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ይኖራል። ውላችን ቀላል ነበር፤ ኪራዩ ቀነስ ይላል፣ በረዶውን እኔ እዝቃለሁ። እሳቸው በመስኮት ሆነው በከዘራቸው እዚህ፣ እዚያ፣ ዳር ዳሩን እያሉ ያዙኛል። መካነ ብርሃን ላይ ውርጭ ስለማውቅ ብርዱን አልፈራሁትም፤ ያስቸገረኝ ሰው ነው። ጎረቤቶቻችን በጋራዥ በር ከነመኪናቸው ይወጣሉ፣ በጋራዥ በር ከነመኪናቸው ይገባሉ። በሦስት ወር ውስጥ የመኪኖቹን ፊት ለየሁ እንጂ የሰዎቹን አልለየሁም።

አንድ ቀን ታዲያ ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ሽማግሌ፣ እኔ በልቤ አያ ግሌን የምለው፣ ደጁን ብቻውን ሲዝቅ አየሁት። ምን ላድርግ? አካፋዬን ይዤ ተሻገርኩና ከጎኑ ገባሁ። ቆመ። አካፋውን አየ፣ እኔን አየ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

መልሱ ይበልጥ አሳሰበው መሰለኝ፣ በሳምንቱ የበረዶ መጥረጊያ ሞተር ገዛ።

እንዲህ እንዲህ እያልን የካቲት ገባ፤ እማማ ዶሪንም ወደቁ። በረዶ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ሰማንያ ሁለት ክረምት በረዶ ላይ ሲሄዱ ኖረው ማድቤታቸው ውስጥ ነው የወደቁት። ዳሌያቸው ተሰበረ። አምስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። በአምስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ለታ፣ ልጃቸው ደወለልኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በአምቡላንስ ያመጧቸዋል። ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው ባለጎማ አልጋ የሚያስኬድ መሆን አለበት። ካልሆነ አያስገቧቸውም፤ ወደ አረጋውያን ማቆያ ይወስዷቸዋል። «አንዴ እዚያ ከገባች ደግሞ ቤቱን መሸጤ ነው፤ ከሩቅ ሆኜ አልችለውም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። ከሰላምታ በኋላ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ።»

«ይገባሉ፣ እማማ» አልኳቸው። መንገዱ በዚያን ሰዓት ንጹሕ ስለነበር አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት።

ስልኩን ሳስቀምጥ በረዶ መጣል ጀመረ። ሐሙስን ውሎ፣ ሐሙስን አድሮ፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሲያባራ በረዶው ጭኔ ድረስ ነበር። ከበሩ እስከ መንገዱ ሠላሳ እርምጃ ነው። በዚያ ላይ መንገድ የሚጠርገው ትልቁ መኪና አልፎ የመንገዱን በረዶ ሁሉ ደጃችን ላይ ገትሮት ሄደ፤ ቁመቱ እስከ ደረቴ፣ ጥንካሬውም የድንጋይ ካብ ያህል ነው። አካፋዬን አነሳሁ። አሥር ጊዜ ያህል እንደዛቅሁ ወገቤ ቀጭ አለና እዚያው ደፍቶ አስቀረኝ። ጥሩወርቅ ደግፋ አስገባችኝና ራሷ ወጣች። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝቃ አራት እርምጃ ከፈተች። በክፍያ ወደሚጠርጉት ሰዎች ደወልን፤ ከተማው ሁሉ ጠርቷቸው ኖሮ ከሰኞ በፊት አንደርስም አሉን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ቤት የማጣት ነገር አስፈርቶኛል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን «ይገባሉ» ብዬ ቃል መስጠቴ አንገበገበኝ።

በዚህ መሀል ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ ከመካነ ብርሃን ደወለ። በደህና ጊዜ ነው የሚደውለው፤ የበግ ዋጋ ሊነግረኝ። ድምፄን ሲሰማ «ምነው፣ አሞሃል?» አለኝ። ነገሩን ከነወገቤ አጫወትኩት።

«ብቻህን ነው የምትዝቀው? ጎረቤት የለህም?»

«አለ።»

«ታዲያ ደቦ አትጠራም? አሮጊት ቤቷ እንዳትገባ ደጇ ተዘግቶ እያየ የሚቀመጥ ሰው አለ ብለህ ነው?»

የዚህን አገር ሰው ጠባይ ላስረዳው ጀመርኩና ተውኩት። ኋላ እኔም ራሴ አፈርኩ። ክረምቱን ሙሉ እነዚህን ሰዎች ሳማ ነበር እንጂ አንድ ቀን አንድ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም።

ወገቤን በጥሩወርቅ ነጠላ ጥፍንግ አድርጌ አስሬ ወጣሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መጥታችሁ አግዙን ልል ስምንት በር አንኳኳሁ። የመጀመሪያው ሰው ገና አፌን ሳልከፍት «አመሰግናለሁ፣ አልገዛም» አለኝ። ሁለተኛዋ ሃይማኖት ልሰብክ የመጣሁ መስሏት «እኛ የራሳችን አለን» አለች። ሦስተኛው ቤት በሩ ሳይከፈት ደወሉ አናገረኝ፤ ካሜራ ያለው ደወል ነው። የሴት ድምፅ «ምን ልርዳዎ?» ሲለኝ ለደወሉ እጅ ነስቼ፣ ስለ እማማ ዶሪን ዳሌ፣ ስለ አምቡላንሱና ስለ ልጃቸው ሁሉ ለአንዲት ቁልፍ ተናገርኩ። ደወሉ ዝም አለ። አራተኛው በክፍያ የሚጠርጉትን ሰዎች ስልክ ጻፈልኝ። አንድ ቤት ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። የቀሩትም «እናያለን» አሉ። አያ ግሌን በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማኝና «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አለኝ» ብሎ ዘጋ። እኛ አገር ደቦ ተጠርቶ «ሥራ አለኝ» የሚል ሰው ካለ፣ ሥራው የገዛ ቀብሩ መሆን አለበት።

ቤት ስገባ ጥሩወርቅ ስንት ሰው ይመጣል አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እንግዲህ ደቦ የጠራ ሰው መጡም ቀሩም መደገስ አለበት። ጠላ የለም፤ ትልቅ ብረት ድስት ሙሉ ሻይ በቅርንፉድ አፈላን። ሁለት ድፎ ዳቦ ጋገርን፣ ምስር ወጥ ሠራን። ለአሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ጥሩወርቅ ሊጡን እያሸች «ማን ሊበላው ነው?» አለች፤ ማሸቱን ግን አላቆመችም።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደጅ ላይ ቆምን። ማንም የለም። መንገዱ ጭር ብሏል። ጥሩወርቅ አካፋዋን አንስታ መዛቅ ጀመረች። እኔ ታስሬ የቆምኩ ምሰሶ ነኝ። አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ።

ከዚያ ከማዶ ሞተር አጓራ። አያ ግሌን ማሽኑን እየገፋ መንገዱን ተሻገረ። ሰላምም አላለን። ያንን የበረዶ ካብ እየፈጨ ወደ ጎን ይተፋው ጀመር። አንድ ሩብ ሰዓት ሠራ፣ እጁን ከፍ አደረገልን፣ ተመለሰ። «ኧረ ግባና ቅመስ» ብዬ ተከተልኩት፤ «ሥራ አለኝ አላልኩህም?» ብሎኝ ገባ። ለካ ሥራ አለኝ ያለው ይኸንኑ ኖሯል። በሩን ሳይዘጋ አንዲት ወፍራም ካፖርት የለበሰች ሴት አካፋ ይዛ መጣች። ድምፅዋን ስሰማ አወቅኋት፤ ደወሏ ናት። ደረጃውን ጠረገችና ሄደች። እሷ ስትሄድ ሁለቱ ተማሪዎች መጡ። እነሱ ሲሄዱ ስልክ የጻፈልኝ ሰው የጨው ከረጢት ተሸክሞ መጥቶ በረዶው እንዳያንሸራትት መንገዱ ላይ በተነልን። ከየመስኮታቸው ሆነው ተራ የሚጠባበቁ ይመስላሉ፤ አንዱ ከሌላው እንዳይገናኝ የተማማሉ ናቸው። ዘፈን የለም፣ ቀልድ የለም፣ አንድም ሰው ሻይ አልቀመሰም። እንዲህ ያለ ደቦ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ከመንገዱ እስከ በሩ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ያስኬድ ነበር።

አምቡላንሱ በሰዓቱ ደረሰ። እማማ ዶሪንን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወረዷቸው። ቀና ብለው ግራ ቀኙን አዩና «ማነው በረዶውን ጽጌረዳዬ ላይ የከመረው?» አሉ። በሩን አልፈው ሲገቡ የግድግዳውን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰስ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ደስ አለኝ። ወገቤ እያመመኝ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ ድፎውን በቅቤ ይዛላቸው ወጣች፤ እኔም ተከተልኩ። እያላመጡ ጠየቁኝ።

«እንዴት አድርገህ አመጣሃቸው?»

«በራቸውን አንኳኳሁ።»

«ከዚያስ?»

«ነገ ኑ አልኳቸው።»

ማላመጡን ትተው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «አርባ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ኖሬያለሁ» አሉ። «ባሌ የሞተ ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማንኳኳት እንደሚቻል አላወቅሁም ነበር።»

«አይ የፈረንጅ ነገር» ልል ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን እኛስ ማራኪ እያለን፣ ግቢው በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ግድግዳ የምንጋራውን ሰው ስም ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብን? ጥሩወርቅ ሌላ ቁራሽ ቆረሰችላቸው።

የተረፈውን ዳቦ በየበሩ አደረስኩ። ሁሉም አመስግነው ተቀበሉ። «ቅዳሜ ደግሞ እንዲሁ መጥታችሁ ብሉ፣ እማማ ዶሪን ጋብዘዋችኋል» አልኳቸው። ቅዳሜ አንድም ሰው አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም። ደውለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ማስቸገር አንፈልግም አሉ። እማማ ዶሪን ሁለቱንም ቅዳሜ ፀጉራቸውን አበጥረው ስምንት ስኒ ደርድረው ነበር የጠበቁት። ሁለተኛው ቅዳሜ ሲመሽ ጠሩኝ።

«ለመብላት አይመጡም» አሉኝ። «አውቃቸዋለሁ፤ እኔም ብሆን አልመጣም ነበር። ሥራ ፈልግላቸው።»

ምን ሥራ? በረዶው ቆሟል። ጣሪያው ደህና ነው፣ ቧንቧው አያፈስም። ቤቱን ከላይ እስከ ታች ዞርኩት፤ የተረገመ ቤት፣ አንድ የጎደለ ነገር የለውም። እንግዲህ እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል ይባላል። ትናንት ስምንቱን በር እንደገና አንኳኩቼ የእማማ ዶሪን ማድቤት ቁም ሣጥን በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ መውለቃቸውን በሐዘን ነገርኳቸው። አያ ግሌን የራሱን መፍቻ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ሌሎቹም ሰዓት ሳይለያዩ በአንድነት እንዲመጡ አደራ ብያለሁ፣ በሮቹ ከባድ ናቸውና። ብሎኖቹን አንድ በአንድ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ በመዳፋቸው ተቀብለው የቆጠሩልኝ ደግሞ እማማ ዶሪን ናቸው። ስምንት በር ነው፤ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይደርሰዋል።