ፍርዱ ሊነበብ ሲል

ፊልም ሳያይ የሚፈርድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ የቆቦው ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራ አሉልኝ። የአንዲት የጎብዬ ሴት የመሬት ክርክር ፊልም ተሠርቶ ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማችን አዳራሽ ሲታይ አብረን ሄድን። ገና በሩ ላይ፣ «እውነተኛ ታሪክ ነው ካሉህ ውሸት ነው» ብለው ወሰኑ። እንዲህ ያለ ዳኛ ቢሾምልን ችሎቱ እንዴት በፈጠነ!

ፊልሙ ላይ ባሏ የሞተባት ሴት፣ የባሏ ወንድም የነጠቃትን መሬት ለማስመለስ ዳኛው ፊት ቆማ ትሟገታለች። ጋሽ ተፈራ አላስችል አላቸው።

«ኧረ ተዉን! የራያ ሴት ዳኛ ፊት እንዲህ ትናገራለች?»

ከፊታችን የተቀመጡ ሴት ዞር አሉ። «ወላሂ ተናግሬያለሁ! እንዲያውም አሳጥረውታል።»

ለካ ባለጉዳይዋ እትዬ ዘሐራ ራሳቸው ናቸው!

ጋሽ ተፈራ መቼ ይረታሉ? «ታዲያ በሽማግሌ አያልቅም ነበር?» አሉ።

«በሽማግሌማ መሬቱ ለእሱ፣ ትዕግሥቱ ለእኔ ደረሰን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ሲል ግን መብራት ጠፋ። ሰዉ እያጉረመረመ ሊወጣ ተነሳ። ጋሽ ተፈራም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ ለማን ተፈረደ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አልናገርም!» አሉ እትዬ ዘሐራ። «እኔ ይህን ፍርድ ከጎብዬ ቆቦ እየተመላለስኩ ዓመታት ጠብቄዋለሁ። እናንተ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ያቅታችኋል? ተቀመጡ!»

ተቀመጥን። ቀድመው የተቀመጡት ጋሽ ተፈራ ናቸው።