ዝንብ ጾም ያስገድፋል ወይ?

ሰው እንስሳ የሚገዛው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ሊበላው፣ ሊጭነው ወይም በሌባ ላይ ሊያስጮኸው። ከዚህ ውጪ እንስሳ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ካያችሁ፣ እንስሳውን ተዉትና ሰውየውን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም... ራሴን ነው! በገዛ እግሬ ዳንግላ ድረስ ሄጄ እንሽላሊት ገዝቼ የመጣሁ ሰው እኔ ነኝ።

አዎ፣ እንሽላሊት። መነጽራችሁን አትወልውሉ፤ በትክክል ነው ያነበባችሁት። በየድንጋይ ካቡ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን፣ ልጆች ሆነን በጠጠር ስናሳድደው ያደግነውን ፍጡር፣ ብር ከፍዬ! «በስንት ገዛኸው?» የሚለውን ባለቤቴም ጠይቃኛለች፣ ጎረቤትም ጠይቆኛል፤ ለእነሱ ያልመለስኩትን ለእናንተም አልመልስም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት የጠመኔ አቧራ ስውጥ ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት «በቃዎት» ተብዬ እንጅባራ ቤቴ ተቀመጥኩ። ልጆቼ ሥራ ይዘው ወጥተዋል። ባለቤቴ የሻረግ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ማኅበር፣ ሲመሽ ዕድር... የማትፈለግበት ቦታ የለም። እኔን ግን የሚፈልገኝ የለም። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ከፍቶኝ ነበር። ስድሳ ተማሪ ፊት ቆሞ «ዝም በሉ!» ሲል የኖረ ሰው፣ ዝም የሚያሰኘው ሲያጣ ምን እንደሚሰማው መምህር ያልሆነ አያውቀውም።

የቅበላ ቅዳሜ ለቅሶ ልደርስ ዳንግላ ወረድኩ። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ከጃዊ ቆላ የመጣ ሰውዬ ካርቶን አቅፎ ቆሟል። ብቅ ብዬ አየሁ። አንገቱ ሰማያዊ፣ ጀርባው ሻካራ፣ ዓይኑ ደግሞ... ዓይኑን ለአንድ አፍታ እንኳ ከእኔ ላይ አላነሳም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ በጽሞና ያዳመጠኝ ተማሪ አልነበረም!

«ሰው ለምዷል ጋሼ፣ አይናከስም። ፈረንጅ ቢያገኘው በአውሮፕላን ነው የሚወስደው» አለኝ ባለካርቶኑ።

ፈረንጅ ወደደው ሲሉን ማበድ የቆየ በሽታችን ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ ከፈልኩና ካርቶኑን ታቀፍኩ። ስሙንም እዚያው አወጣሁለት፦ አያ ዝምታ።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት የተበሳሳውን ካርቶን አዩት።

«ጫጩት ነው?»

«አዎ» አልኩ። (መምህር ይዋሻል? ሚኒባስ ውስጥ ይዋሻል!)

«ስንት ናቸው?»

«አንድ።»

«አንድ ጫጩት! ያውም ጾም ሊገባ! ምነው ልጄ፣ ደኅና ነህ?»

ቤት ስደርስ የሻረግ ካርቶኑን ከፈተች። ጩኸት ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሦስት ጊዜ አማተበችና ጎንበስ ብላ እያየችው፣ «ምን ይበላል?» አለችኝ።

«ነፍሳት ነው ምግቡ። ዝንብ፣ አንበጣ፣ ምስጥ...»

«ሰኞ እኮ ጾም ይያዛል።»

«እሱማ ለእኛ ነው!»

«ቤቴ ያደረ ሁሉ ይጾማል። ነነዌ ሲጾም ከብቱስ አልጾመም? አገሩ የተረፈው በምን ሆነና!»

እስኪ እናንተ መልሱላት! እኔ የማውቀው ስለ ሕዋስ ነው እንጂ ስለ ዮናስ አይደለም። በዚያ ላይ የዛሬ ዓመት በሑዳዴ ከኮቴ ኪስ የእንቁላል ቅርፊት ያገኘች ሴት ፊት ቆሜ ስለ ዝንብ ልከራከር? አንገቴን ደፋሁ። አያ ዝምታም ጾም ገባ።

ጓዳ ውስጥ፣ ከድንች ጆንያው አጠገብ፣ ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጀሁለት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ከዘጠኝ በኋላ ድንች ወጥ ይቀርብለታል፤ አንዳንድ ቀን ሽሮ፤ እሑድ ደግሞ ተልባ። አንዱንም አልቀመሰም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የሻረግ ደስታዋን አልቻለችውም። «አየኸው? እያከፈለ ነው! ካንተ ይሻላል!» ትለኛለች፤ ትንሽ ቆይታም «ቅርፊት ኪሱ አይገኝ!» ትጨምርልኛለች።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰማያዊው አንገቱ አመድ መሰለ። ቆዳው ከሰውነቱ ሰፋ። ዓይኖቹ ተከደኑ። ብነካው አይንቀሳቀስም። የሻረግ የአሮጌ ነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ አለበሰችውና «የቆላ ልጅ ነው፤ አገሩ ናፍቆት ነው» አለች። ጎረቤታችን ብቅ ብላ አይታው «ዓይን ነው! ሰማያዊ አንገቱን ሰው አይቶበት ነው» ብላ ፈረደች። በዕድሩ «የባዮሎጂ መምህሩ እንሽላሊት ገደለ» ተብሎ እንደሚሳቅብኝ አውቄአለሁ፤ ግን እሱ አይደለም ያስፈራኝ። ባዶ ካርቶን ይዤ እንደገና ብቻዬን መቀመጡ ነው። ለካ ወድጄዋለሁ!

በነጋታው ባጃጅ ይዘን፣ እኔና እሱ፣ ወደ እንስሳት ሕክምናው ሄድን። እንደምታውቁት በእኛ አገር ከሰው በፊት ፈረስ ይከበራል። ሰልፉ ላይ ሁለት ፈረስ፣ አንዲት ላምና ሦስት በግ ከፊቴ አሉ። ዳማ ፈረሳቸውን በልጓም የያዙ አንድ አዛውንት ገበሬ ዞር አሉ።

«ምን ይዘው መጡ?»

ካርቶኑን ከፈትኩላቸው። እሱን ትንሽ አዩት። እኔን ብዙ አዩኝ።

«ይኼማ እኛ አጥር ላይ ሞልቷል!»

«ታሞብኝ ነው።»

«ታዲያ ከሞላው ጤነኛ አንዱን አይወስዱም?»

ካርቶኑን መልሼ ታቀፍኩት። ሰውየው ግን ደግ ናቸው፤ ሆዳቸው አልቻለም። «የኔ ፈረስ እንዲህ ሲደክም አተላ ነው የማጠጣው። እምቢ ካለ ጆሮው ሥር ትንሽ መተኮስ ነው...» አሉና ወደ ካርቶኑ ጎንበስ ብለው ፈለጉ። «ጆሮው የታል?»

በዚህ መሐል ሐኪሙ ወጣ። «መምህር!» ብሎ ጮኸ። መልካሙ ነው፤ የድሮ ተማሪዬ። ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው መልካሙ! አንድ ቀን ጥያቄ መመለስ አቅቶት ግማሽ ክፍለ ጊዜ አቁሜዋለሁ። ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«የት ነው የሚያድረው?» አለኝ፣ አያ ዝምታን በእጁ ይዞ እያገላበጠ።

«ጓዳ።»

«ጓዳው ይሞቃል?»

«እንጅባራ እኮ ነው ያለነው ልጄ!»

ፈገግ አለ። ፈገግታውን አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ተማሪ ያስፈራራሁበት ፈገግታ።

«መምህር፣ ቀዝቃዛ ደም ያላቸው እንስሳት የሰውነታቸውን ሙቀት ከየት ያገኛሉ?»

ባለፈረሱ ወደኔ ዞሩ። የበጎቹ ባለቤቶች ዞሩ። በጎቹም የዞሩ መሰለኝ።

«ከ... ከአካባቢያቸው።»

«ጮክ ብለው ይመልሱ፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም!»

«ከአካባቢያቸው!» አልኩ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው። የቄስ ሚስት አውቅ ብላ መጽሐፍ አጠበች ሲባል ስሰማ በሰው እስቅ ነበር። እኔ ደግሞ የሞቀ አገር እንስሳ አምጥቼ ከድንች ጋር አሳደርኩት!

«ምን ሲበላ ነበር?»

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ድንች ወጥ።»

መልካሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አንዳንዴ ሽሮ» አልኩ፣ ነገሩን የማሻሽል መስሎኝ።

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን ጨርሶ ሲዞር ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «መምህር፣ ይህ እንስሳ በሽታ የለበትም። በርዶታል፣ ርቦታል። ቀን ቀን ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ላይ ያውጡት። በሕይወት ያለ ዝንብ ያብሉት። አለዚያ ይህን ሳምንት አይዘልቅም።»

ፀሐዩ ችግር የለውም፤ የሚያወጣው እግዚአብሔር ነው። ዝንቡ ግን በየሻረግ በኩል ማለፍ አለበት።

«ዝንብ? በሑዳዴ?» አለችኝ።

«ነፍሳት እኮ ናቸው!»

«ነፍስ ካለው ሥጋ ነው!»

አገሩ ዓሣ ይበላል አይበላም እያለ ስንት ዘመን ሲጣላ ኖሮ ገና አልታረቀም፤ እኔ ደግሞ ዝንብ ጨመርኩበት። ልቆጣ አፌን ስከፍት ግን ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አየሁ። «እንዲሞት ፈልጌ መሰለህ?» አለች። «በኔ ቤት ኃጢአት እንዳይሆንበት ብዬ ነው እንጂ... አባን እንጠይቅ።» ለእንሽላሊቱ ነፍስ ተጨንቃ ነው እንግዲህ። የኔን ነፍስ ተስፋ ከቆረጠችበት ዓመታት አልፈዋል።

የንስሐ አባታችን አባ አስማረ በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥተን፣ ጠላ ቀድተን አስቀመጥናቸው። አያ ዝምታ ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊታቸው ያለው ድንጋይ ላይ ተኝቶ ጀርባውን ፀሐይ መቶታል። አንገቱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብቅ ብሏል፤ ከዚያ በቀር ያው ነው፣ አይነቃነቅም። የሻረግ ጉዳዩን ከቅበላ ቅዳሜ ጀምራ ዘረዘረች። አባ የባልና ሚስት ጠብ እንደሚሰሙ ሁሉ በትዕግሥት አዳመጡ።

«ክርስትና ተነሥቷል?» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ አባ!»

«እንግዲያውስ...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አንዲት ዝንብ መጥታ ጉልበታቸው ላይ፣ ነጩ ጋቢያቸው ላይ አረፈች። ሊያባርሯት ጭራቸውን ከፍ አደረጉ።

ጭራው አልወረደም። ስንት ቀን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰው አያ ዝምታ ከድንጋዩ ተፈናጥሮ፣ መሬቱን አቋርጦ፣ የአባን ጋቢ ሽቅብ ወጥቶ... ቀለብ! ዝንቧ የለችም። እሱ ግን ጉልበታቸው ላይ ቁጭ ብሎ ሽቅብ ያያቸዋል። አባም ጭራቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቁልቁል ያዩታል።

«ገደፈ!» አለች የሻረግ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

አባ ጭራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «የሻረግ ልጄ» አሉ፣ «የሚገድፍ እኮ መጀመሪያ የጾመ ነው። የጾመ ማለት መብላት እየቻለ በፈቃዱ የተወ ነው። የዚህን ፈቃድ ማን ጠየቀው? ይሄ አልጾመም። ይሄ ተርቧል። ያስራባችሁትም እናንተ ናችሁ።»

የሻረግ አንገቷን ደፋች። እኔም «እንዲህ ንገሩልኝ!» ልል አፌን ሳሟሽ አባ ወደኔ ዞሩ።

«አንተስ? እሷ ስለ እንስሳ አልተማረችም፤ ምን እንደሚበላ የምታውቀው አንተ ነህ። የተማርከው ለመቼ ነው? አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

ይህ ጥያቄ ከመልካሙ ጥያቄ ይከብዳል። አውቄ ነበር። የሚበላውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄ፣ በአንድ የእንቁላል ቅርፊት ፍርሃት ሁለት ሳምንት ሽሮ አቀረብኩለት።

«ንስሐ ይስጡኝ አባ።»

«እስከ ትንሣኤ በየቀኑ ዝንብ ይዘህ አብላው። በገዛ እጅህ።»

ቀላል ይመስላል አይደል? እስኪ በሑዳዴ እንጅባራ ላይ ዝንብ ፈልጉ! ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ብርዱ እንደሆነ ያው ነው። ያለው ዝንብ ሁሉ ፈረስ ላይ ነው። ስለዚህ ጡረታ የወጣው መምህር የጃም ብርጭቆውን ይዞ ገበያ ዳር ፈረስ ከሚታሰርበት ቆሞ ይውላል። «መምህር፣ ምን ጠፋብዎ?» ይሉኛል። «ዝንብ» ስላቸው መንገድ ይለቁልኛል። ዝንቡን እሽ የማይል የሚባለው ሰነፍ ሰው ነበር፤ እኔ ግን እሽ የማልለው ሥራ ሆኖብኝ ነው። አንድ ፈረስ በጭራው ፊቴን ሁለት ጊዜ መትቶኛል፤ አልፈርድበትም። ደስ የሚለው ግን አያ ዝምታ ይበላል። አንገቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ስጠራው ባይመጣም ዞር ይላል፤ ይህ ደግሞ ከብዙ ተማሪዎቼ ይበልጣል።

ትናንት ግን አልቀናኝም። ጠዋት ሙሉ ደክሜ ባዶ ብርጭቆ ይዤ፣ ምን ላበላው ነው እያልኩ በሩን ስከፍት፣ የሻረግ ግቢው መሐል ቆማለች። ነጠላዋ መሬት ወድቋል፣ ሻሽዋ ተንሸራትቷል፣ ግንባሯ አልቦታል። በእጇ ብርጭቆ ይዛ አፉን በመዳፏ ከድናዋለች። ከውስጡ «ዝዝዝ» ይላል።

«ሦስት ያዝኩ!» አለችኝ ጎረቤት እንዳይሰማ እያንሾካሾከች። «አንዷማ ምን የመሰለች ወፍራም!»

ደስታዬን አልቻልኩትም። ብርጭቆውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ መታችኝና ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች።

«ቆይ እንጂ! ገና ቅዳሴ አልወጣም።»