«ምንህ ነው?» ያለኝ በግ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳልኩ ሕልም አየሁ። ያለሁት ጅማ ነበር፤ ፈረንጅ አራዳ ያለው ፀጉር ቤቴም በቦታው ነበር። ሥራው ግን ተገልብጧል። ደንበኞቼ ጭንቅላታቸው ተላጭቶ፣ ፀጉራቸውን በፌስታል ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ እየተቀበልኩ መልሼ እተክልላቸዋለሁ።

«ጎንና ጎኑን ረዘም አድርግልኝ» አለኝ አንዱ።

«ይዘህ የመጣኸው ይህንኑ ነው» አልኩት። ፌስታሉን ገልብጦ አራገፈና አዝኖ ተቀመጠ።

ከሕልሙ በፊት የነበረውን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ልጄ ብስራት ለሥራ ናይሮቢ ሄዶ እዚያው አንዲት ኬንያዊት አገባ። ስሟ ዋንዛ ይባላል፤ እንደ እኛ አገር ዛፍ። ሠርጉ ላይ እኔና ባለቤቴ አስካለ ሳንገኝ ቀረን፤ ፓስፖርታችን አልደረሰም ነበር። እናም መልሱን ጅማ ልንደግስ፣ የልጅቱ አባትና እናትም ሊመጡ ተስማማን። እነሱ አማርኛ አያውቁም፤ እኛ ስዋሂሊ አናውቅም። የቀረን እንግሊዝኛ ነው። እሱንም ትምህርት ቤት ትቼው የወጣሁት ገና ጢም ሳላወጣ ነው። ስለዚህ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ፀጉር ቤቱን በጊዜ እየዘጋሁ የማታ ትምህርት ገባሁ።

የምታስተምረን ሐረገወይን የምትባል ልጅ እግር መምህርት ናት። ትምህርቱ ስለ ቤተሰብና ስለ ጓደኛ ነበር። የሚያስፈልገኝም እሱው ነው፤ ሰውየው ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ማን ማን እንደሆነ ላስተዋውቀው አይደል? ነገር ግን ብዙው አልዋጥልኝ አለ። የአጎቴ ልጅም፣ የአክስቴ ልጅም፣ ወንዱም ሴቷም አንድ ላይ «ከዝን» ናቸው አለችን።

«ታዲያ በየት በኩል እንደሚዛመዱኝ በምን ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አይታወቅም፣ ጋሽ ልሳነወርቅ» አለችኝ። «ካስፈለገ ማብራራት ነው።»

ይህ ማብራራት የሚሉት ነገር ነው ልቤን የበላው። እንግዶቹ ከልጆቹ ጋር ነገ ይገባሉ ስለተባለ ትናንት ሥራ አልገባሁም። ጠዋት በግ ገዝቼ ግቢው ውስጥ አሰርኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ጋደም አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ፀጉር መትከል የጀመርኩት።

እየተከልኩ ሳለ ሐረገወይን የተማሪ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ገባች።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ዛሬም ቀርተዋል። ወላጅ ያምጡ» አለችኝ።

«ወላጆቼ እኮ አርፈዋል።»

«ልጅ አለዎት አይደል? እሱን ያምጡ።»

በዚያ ከተማ ወላጅ ማለት ልጅ ነበር፤ እኔም ምንም አልገረመኝም። ብስራት የእኔን ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣና እጄን ይዞ መንገድ አሻገረኝ። ባጃጆቹ ሹፌሮቻቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ይሄዳሉ። አንደኛው ሹፌር ዳገቱ ላይ ሲደክመው ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋበት።

«እንዳታሳፍረኝ» አለኝ ብስራት። «የጠየቁህን ብቻ መልስ።»

«እሺ፣ አባዬ» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ደስ ስላለኝ አንድ ጊዜ ደገምኩት።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠዋት የገዛሁት በግ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ ቆሟል። ጠጋ አለና ጀርባዬን ዳበስ ዳበስ፣ ጎኔን ጫን ጫን አደረገኝ፤ ልክ እኔ ገበያ ውስጥ እንዳደረግኩት።

«ከስቷል፤ ግን ያስኬዳል» አለ ለብስራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ስሜን አልጠየቀኝም። «ይህ ሰው ምንህ ነው?» አለኝ።

«አባቴ» አልኩ። አሳለፈን።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል። ሐረገወይን ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና ለማስተማር እጇን ታወጣለች፤ የሚፈቅድላት ግን አላገኘችም። በጉ ተከትሎን ገባና ሰሌዳው አጠገብ ቆመ።

«ደንቡን ታውቃላችሁ» አለ። «እንግሊዝኛው የራሱን ስም ያልሰጠው ዘመድ ለብቻው መቀመጥ አይችልም።»

መጀመሪያ የእናቴ ወንድም፣ የአባቴ ወንድምና የአክስቴ ባል ገቡ። ሦስቱ በሕይወት ሳሉ በአንድ ድንበር ተጣልተው አንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። በጉ «አንክል» ብሎ ጠራቸውና ሦስቱንም በአንድ ጋቢ ጠቀለላቸው። ጋቢው ሲገለጥ አንድ ሰው ሆነዋል። አንዱ ድምፁ ውኃ ጠየቀ፣ ሁለተኛው አልፈልግም አለ፣ ሦስተኛው ተቀብሎ ጠጣ።

«ተመቻችሁ?» አልኳቸው።

«ይሞቃል» አለኝ አንደኛው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ደከምኩ፤ አልለየሁትም። ከሦስቱ ይቅርታ የማይጠይቀው የትኛው እንደነበርም ጠፋብኝ።

ቀጥላ የአስካለ እህት በለጡ ፖሊስ አስከትላ ገባች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት ደንግጬ።

«ምንም። ድሮ ዋርሳህ ነበርኩ። እዚህ ግን ሲስተር ኢን ሎው፣ እህቱ የሆንሽው በሕግ ነው አሉኝ። ሕጉ ካልቆመልኝ አልቀመጥም።»

ፖሊሱ አጠገቧ ቆመ፤ እሷ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ለእኔም ለፖሊሱም ዘገነችልን። ፖሊሱ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አልበላም።

ከዚያ በሩ ላይ አወል ታየ። አወል አብሮ አደጌ ነው። ፀጉር ቤቱን የከፈትነው አንድ ላይ ነው፤ በአንድ መስታወት ፊት ጎን ለጎን ቆመን ሸብተናል። ብስራት ሲወለድ እኔ ለማቀፍ ስፈራ ቀድሞ ያቀፈው እሱ ነው።

«ይህስ ምንህ ነው?» አለኝ በጉ።

«ፍሬንድ» አልኩ። የተማርኩት እሱን ነው።

በጉ ሌላ በር ከፈተ። ክፍሉ በሰው ሞላ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰዓት የጠየቀኝ ሰውዬ ገባ። ከአጋሮ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ያንቀላፋው ወጣት ገባ። ስልክ ተሳስቶ ደውሎ፣ መሳሳቱን ካወቀም በኋላ ስለ ታመመች ላሙ የነገረኝ ገበሬም መጣ። ሁሉም የፀጉር ቤታችንን ነጭ ጋውን ለብሰዋል፤ ሁሉም የአወልን ፊት ይዘው ፈገግ ይሉልኛል።

«እነዚህም ያው ናቸው» አለ በጉ። «አንዱን ያዝ። ሌሎቹ ይሄዳሉ፤ የሄደ አይመለስም።»

ፈራሁ። ያን ያህል ዘመን አጠገቤ የቆመን ሰው መለየት አቃተኝ። በአማርኛ «አብሮ አደጌ» ብዬ ልጣራ ስል ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። «ባልንጀራዬ» አልኩ፤ እሱም አልወጣም። ብስራት በእኔ አፍሮ ጫማውን ያያል። በሩ አቅራቢያ ካሉት አንዳንዶቹ መውጣት ጀምረዋል።

ሐረገወይን እጇን እንዳወጣች «ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ያብራሩ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ያለችኝን እንግሊዝኛ ሰበሰብኩ።

«እሱ የእኔን ፀጉር ይቆርጣል» አልኩ። «እኔ የእሱን ፀጉር እቆርጣለሁ።»

በሕይወቴ በእንግሊዝኛ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ነው። ፀጉር ቆራጭ የራሱን ማጅራት መቁረጥ እንደማይችል እዚያ ከተማ ውስጥም ይታወቃል መሰለኝ፤ ወደ በሩ የሚሄዱት ቆመው ማጅራታቸውን ዳበሱ።

ከመሐል አንድ ሰው «ግራ ጆሮዬንም ቆርጦኛል» አለ። «በሬዲዮ ኳስ እየሰማ ነው።»

አወል ነበር። በጉ ሄዶ ጆሮውን አየ፣ ደግሞም አሸተተው።

«እውነት ነው» አለ።

ሌሎቹ ፈገግ እንዳሉ ወጡ። የአውቶቡሱ ወጣት በሩ ላይ ዞር ብሎ ሲያየኝ አሳዘነኝ፤ እሱም እኮ ትከሻዬን አምኖ ነው የተኛው።

አወል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ምነው እንዲህ ቆየህ?» አለኝ።

«ቋንቋው ነው።»

«ቋንቋው ምን አደረገህ? ጆሮዬን ብታይ አይበቃም ነበር?»

ልመልስለት ስል በጉ በኮቴው ሰሌዳውን መታ። ጥግ ላይ አንድ ረጅም ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ሲገባ አላየሁትም።

«ይህስ ምንህ ነው?»

«የልጄ ሚስት አባት ነው።»

«እሱ ማብራሪያ ነው። ምንህ ነው?»

ሐረገወይንን አየኋት። እጇን አወረደች፤ ለዚህ እንግሊዝኛው ቃል የለውም ማለቷ ነው። አወልን አየሁት፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

«አይቼው አላውቅም» አልኩ።

«ያላየኸው ሰው እንዴት ዘመድህ ሆነ?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔና አስካለ የማናውቀው አገር፣ የማናውቀው መንገድ ላይ፣ ሁለት ልጆች የሆነ ቀን ቆመው አወሩ። እነሱ ስላወሩ ይህ ሰው የእኔ ሆነ፤ እኔም የእሱ። የልጅ ልጅ ቢመጣ የሁለታችንም አፍንጫ አንድ ፊት ላይ ሊገናኝ ነው። ሰውየው ግን ሻይ በስኳር ይጠጣ ያለ ስኳር እንኳን አላውቅም።

«እኔም እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው» አልኩት በጉን።

ረጅሙ ሰው ይህን ሲሰማ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጆሮው ታየኝ፣ ጉንጩ ታየኝ። ፊቱን ላየው አንገቴን ሳሰግግ አንድ እጅ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ።

«ተነስ እንጂ» አለችኝ አስካለ። «መጥተዋል።»

«ማን?»

«እንግዶቹ ናቸዋ። ከኤርፖርት ራሳቸው ባጃጅ ይዘው መጡ። እናትየዋ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት እየላጠችልኝ ነው፤ እንዴት እንደተግባባን እኔንም እንጃ።»

«ነገ አልነበር እንዴ? ብስራትና ዋንዛስ?»

«ዛሬ አውሮፕላኑ ላይ የተገኘው የሁለት ሰው ቦታ ነው። ወላጆች ይቅደሙ ብለው ላኳቸው። እነሱ ነገ ነው የሚደርሱት።»

አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ገብቶ ሌላኛውን ስፈልግ የዋንዛ አባት ሚስተር ሙቲሶ በሩ ላይ ቆመዋል። ሸበቶ፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከክረምት ጀምሮ ካጠናሁት እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አልመጣልኝም። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የጠፋበትን እንደሚፈልግ ተማሪ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቃላቱን አንድ በአንድ በአማርኛ ተናገሩ።

«እንደምን... ዋልሽ... እናቴ።»

አስካለ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሚስተር ሙቲሶ እንደጎነበሱ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ በትክክል ማለታቸውን የሚያውቁት ከእኔ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አልኳቸው። «ግባ።»