ሰነፍ እጅ ላይ የማትሄድ ሰዓት

ፈትቶ የሚገጥም ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን የለም። ዳኛ የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ ሐኪም የሌለውማ ሞልቷል። የተበላሸውን ሊያበጅ፣ ያልተበላሸውንም «እስቲ ልየው» ብሎ ሆዱን የሚከፍት ሰው ግን ከየትም አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ለማወቅ ብዙ መመርመር አያስፈልግም። ዕቃህን ሲቀበልህ «ቀላል ናት» ይልሃል፤ ገጥሞ ሲመልስልህ ደግሞ አንድ ብሎን ትተርፈዋለች።

ሰቆጣ ውስጥ ይህን ሹመት የያዙት አማቴ ነበሩ።

ሊቀ ጠበብት አያ ምንዋጋው (ሊቀ ጠበብት ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ከመንግሥት የወጣ ደብዳቤ የለም) እንጀራቸው ልብስ ስፌት ነበር። በነጋዴው በዓሊዬ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የከተማውን ተፈሪ ሱሪ ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው። አንድ ክረምት የስፌት መኪናቸው ቀጥ አለች። መንገዱን ጎርፍ ስለዘጋው ጠጋኝ ማምጣት አይታሰብም፤ ራሳቸው ፈቷት፣ ራሳቸው ገጠሟት። መኪናዋ መስፋት ጀመረች፤ አንድ ብሎንም ተረፈች። አያ ምንዋጋው ብሎኗን መዳፋቸው ላይ አድርገው ሲያገላብጧት ዋሉ። ያለሷ መስፋት ከተቻለ ፋብሪካው ምን ነክቶት አስገባት ብለው ይመስለኛል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ፋብሪካ የሚባል ነገር አያምኑም ነበር።

ከስፌት መኪና ወደ ፋኖስ፣ ከፋኖስ ወደ ቁልፍ ተሻገሩ። የገዛ ቤታቸውን ሣጥን ቁልፍ አበጅተው ሲጨርሱ፣ ሣጥኑ በጎረቤት ሁሉ ቁልፍ የሚከፈት፣ በራሱ ቁልፍ ብቻ የማይከፈት ሆነ። ባለቤታቸው እቴ ጥሩሐረግ የክት ቀሚሳቸውን ለማውጣት ቁልፍ ሲዋሱ ኖሩ። «ምናለ ባይነኩት ኖሮ?» ቢሏቸው፣ «ሌባ ሲመጣ ግራ ይጋባል» አሏቸው። እኔ በጸሐፊነት የምሠራበትን ጽሕፈት ቤት የግድግዳ ሰዓት የጠገኑ ዕለት ደግሞ ሰዓቱ አሥራ ሦስት ጊዜ ደወለ። «አንዷ ላልሰማ ናት» ብለው መሰላላቸውን ይዘው ሄዱ።

የተረፉትን ብሎኖች በአንዲት የሰርዲን ጣሳ ያጠራቅማሉ። «ትርፍ ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ወዮለት። «ትርፍ አይደሉም፤ መጠባበቂያ ናቸው» ብለው ያርሙታል።

የመጨረሻው ማዕረግ የእጅ ሰዓት ነበር። ዓሊዬ ለንግድ ወደ ኮረምና መቀሌ በሄደ ቁጥር የቆሙ ሰዓቶችን እየለቀመ ያመጣላቸዋል። መስታወቱ የረገፈ፣ ቆጣሪው የወለቀ፣ ውኃ የጠጣ፣ ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ፤ ብቻ የሚሄድ ሰዓት አምጥቶላቸው አያውቅም።

«አያ ምንዋጋው፣ ሬሳ አመጣሁልዎ» ይላል ከኪሱ እያወጣ።

«ምን ሬሳ ነው፣ ተኝቶ ነው እንጂ!»

የሰዓት ሥራ የሚሠራው ቤት ነው። መስኮቱ ሥር ሰፌድ ይዘረጋሉ፤ ሰፌድ ላይ የወደቀች ብሎን ትገኛለች፣ መሬት ላይ የወደቀችን ግን ዶሮ ይቀድማል። ብሎን መፍቻቸው ጫፉ የተሳለ የጃንጥላ ሽቦ ነው። መቆንጠጫቸው የእሾህ ወረንጦ፣ ዘይታቸው ከስፌት መኪናዋ የተረፈው፣ መቀቢያቸውም የዶሮ ላባ። ከአንድ የጣሊያን መነጽር የወጣ ወፍራም መስታወት ቀኝ ዓይናቸው ላይ በክር ያስራሉ። ነገሩ እንቢ ሲላቸው ሰዓቱን በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ይቆጡታል። ሰው ሲቆጡ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ያኔ ከአምደወርቅ መጥቼ ሰቆጣ ውስጥ ጸሐፊ የሆንኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ስንፍናዬ ከእኔ ቀድሞ ከተማ የገባ ይመስል ሁሉም ያውቀዋል። አንዴ ከተቀመጥኩ ለመነሣት ምክንያት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱ ሲገኝም ለነገ አሳድረዋለሁ። አንድ ቀን የኮቴን ቁልፍ ላስተክል ወደ በረንዳው ብሄድ፣ ልጃቸው ይመኙሻል ምሳ ይዛላቸው መጣች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት የኮቴ ቁልፎች አሥራ አንድ ጊዜ ተበጠሱ። አያ ምንዋጋው መርፌያቸው ላይ ክር እያስገቡ «ይህ ኮት የሚፈልገው ነገር አለ» ይሉ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። ነገሩ ሁሉ ካማረ በኋላ አባቴ ባላምባራስ ገበያው አንድ ቃል ጣሉበት። የድሮ ሰው ለአማቹ በቅሎ ወይም ጠመንጃ ይሰጥ ነበር። አባቴ ግን በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ሲዳር የሚስቱ አባት ሰዓት ሲያስሩለት አይተው ኖሯል። «የእኔ ልጅ ከማን ያንሳል? ሰዓት ካላሰሩለት ሠርገኛዬን ይዤ እመለሳለሁ» አሉ። አባቴ ሰዓት ማንበብ አይችሉም ነበር። ያሉትን ከማድረግ ግን ወደ ኋላ እንደማይሉ እኔ ልጃቸው አውቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ ይህንኑ ለአያ ምንዋጋው ነገሯቸው። እሳቸው ከመኪናቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«ሰዓት? ቀላል ናት።»

ይህን ስሰማ ክው አልኩ። ይመኙሻልን ማግኘትና ማጣቴ በአንድ የጃንጥላ ሽቦ ላይ ተንጠለጠለ።

ከመስከረም እስከ ጥር አያ ምንዋጋው ሰፌዱ ላይ አቀረቀሩ። ቀፎው ከአንድ ሰዓት፣ ሆዱ ከሌላ፣ ሞላው ከሌላ መጣ። ሰዓት ቆጣሪዋ ከሴት ሰዓት የተወሰደች ናት፣ ምስር ታክላለች። ደቂቃ ቆጣሪው ግን ከትልቅ የኪስ ሰዓት መጥቶ ጠርዙን ስለሚገጭ ጫፉን ቆረጡት። መስታወቱ የእጅ ባትሪ መስታወት ነበር፤ በድንጋይ አሽተው አሽተው አሳነሱት። ማሰሪያዋ ከአሮጌ ኮርቻ ጠፍር ተቆረጠ። ይመኙሻል ከምንጭ ስትመለስ መንገድ ላይ ወሬ ታቀብለኛለች።

«ትናንት ሄደች።»

«ምን ያህል?»

«ሽሮው እስኪበስል።»

በሳምንቱ ደግሞ እጠይቃታለሁ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ሄደች። ወደ ኋላ ነው እንጂ።»

የገና ሰሞን ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «ደሞዝ፣ ባትሄድስ?» አለችኝ በስሜ ጠርታ። «አባትሽ ቀላል ናት ብለዋል» አልኳት። እንዲህ ስላት ራሴም አላመንኩት።

ሠርጉ በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ዋለ። በዕለቱ ጠዋት የሙሽሪት አባት ልጃቸውን እንደመመረቅ እንጨት ሲፈልጡ ታዩ አሉ። ከዚያ ጠላ ሲቀዱ፣ ከዚያ የዳሱን ምሰሶ ሲነቀንቁ። ጎረቤት «ልጅ መዳር እኮ ያሳብዳል» አላቸው። ምስጢሩ የገባኝ እኩለ ቀን ላይ ሠርገኛዬን ይዤ ስደርስ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል፣ ሰዓቷን ከገዛ እጃቸው ፈትተው ቀኝ እጄ ላይ አሰሯት። ሴቶቹ እልል አሉ። እሳቸው ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው፣

«ልጄ፣ እጅህን እንዳታሳርፈው» አሉኝ።

«እንዴት አባቴ?»

«ሰነፍ እጅ ላይ አትሄድም።»

እውነታቸውን ነበር። እጄ ሲንቀሳቀስ ትሄዳለች፤ እጄ ዐረፍ ሲል ቀጥ ትላለች። ሙሽራ ማለት ደግሞ ካባውን ደርቦ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ፍጡር ነው። እኔ ግን በላሁ። ጭራ ተቀብዬ የሌለ ዝንብ አባረርኩ። ሚዜዬን ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት፣ አቀፍኩት፣ እንደገና መታሁት። እንደገና በላሁ። ከሙሽሪት ወገን አንዲት ሴት «አምደወርቅ ምሳ አይበላም እንዴ?» ስትል ሰማሁ። አባቴ በየመካከሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ደሞዝ! ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉኛል። የነገርኳቸውን ወደዚያ ልጁ ሰዓት ወደታሰረለት ጎረቤታችን ዞረው ይደግሙለታል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እጄ ዛለ። በሦስት ሰዓት ውስጥ የአንድ ዓመት ሥራዬን ሠርቻለሁ። ትንሽ ጭኔ ላይ ላሳርፈው ብዬ ወሬ ያዝኩ፤ ልብ ስል አንጓዬ ላይ ይሰማኝ የነበረው ትርታ ጠፍቷል። ከቆመች ምን ያህል እንደሆናት አላወቅሁም። ይባስ ብሎ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ወደ አባቴ ሲመጡ አየሁ። መሪጌታ ሰዓት የሚያውቁት በጥላቸው ነው። ሜዳ ላይ ቆመው የጥላቸውን ርዝመት በእግራቸው እየረገጡ ይለካሉ፤ በጾም ቀን ምእመኑ እህል የሚቀምሰው እሳቸው ለክተው ሲፈቅዱ ነው። የእጅ ሰዓት የሚባል ነገር ደስ አይላቸውም። «ጥላ ሞላ አይፈልግም» ይላሉ።

«ባላምባራስ፣ ይህችን ሰዓት በጥላ እንፈትናት እንዴ?»

«ትፈተን!» አሉ አባቴ። «ከዋሸች በቅሎዬ ትጫን።»

ምን አማራጭ ነበረኝ? ብድግ ብዬ እስክስታ ወረድኩ። ሙሽራ ሳይጋብዙት ተነሥቶ ሲጨፍር ሰቆጣ ያየችው ያን ቀን ነው። ሰዓቷ መሄድ ጀመረች፤ ያለፋትን ጊዜ ግን እስክስታ አይመልሰውም። መሪጌታ ወጥተው ለክተው ተመለሱ።

«ስምንት እግር ተኩል። በእኔ ጥላ ዘጠኝ ሞልቶ አልፏል። እሷ ምን ትላለች?»

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» አልኩ፣ እየጨፈርኩ።

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይመኙሻል ከሴቶቹ መካከል አንገቷን ደፋች። እኔ መጨፈሬን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ሁሉም ነገር የሚያልቅ መሰለኝ።

አያ ምንዋጋው ጠላ ከሚቀዱበት ቀስ ብለው መጡ።

«መሪጌታ፣ ይህችን ሰዓት ዛሬ ጠዋት በማን ጥላ ነው ያስተካከልኳት?»

«በእኔ ነዋ። ለኩልኝ ብለህ ደጀ ሰላም ድረስ የመጣኸው አንተው አይደለህ?»

«ጠዋት ሲለኩ እግርዎ ላይ ምን ነበር?»

መሪጌታ ወደ እግራቸው አዩ። ጠዋት ለሠርጉ ክብር ከልጃቸው የተዋሱትን የቆዳ ጫማ አድርገው ነበር። ቀትር ላይ ጣታቸውን ቢቆረጥማቸው አውልቀውት፣ አሁን የቆሙት በባዶ እግራቸው ነው።

«በጫማ የተለካና በባዶ እግር የተለካ ጥላ እንዴት እኩል ይመጣል?» አሉ አያ ምንዋጋው። «እንግዲህ ይፍረዱ። የዋሸችው ሰዓቷ ናት ወይስ ጫማው?»

ሒሳቡ ወዲህ ይሁን ወዲያ ማንም አላሰላውም። መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ራሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ። አባቴም የዋሸው ጫማ መሆኑ ስለተረጋገጠላቸው ተመልሰው ተቀመጡና፣ «ደሞዝ፣ አሁንስ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ። ይመኙሻልን ይዤ ሄድኩ።

ፍዳዬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማው የሰዓቷን ጠባይ አወቀ። አለቃዬ ሥራዬን የሚቆጣጠረው መዝገቤን ገልጦ ሳይሆን እጄን ይዞ ሆነ። «ሰዓትህ ሦስት ላይ ቆማለች። ከሦስት ወዲህ ምን ስትሠራ ነበር?» ይለኛል። ይመኙሻልም ቤት ስገባ መጀመሪያ የምታየው አንጓዬን ነው። አማቴን ስንት ጊዜ እንዳማኋቸው እኔና ግድግዳው እናውቃለን።

በአምስተኛው ዓመት ለሥራ ደሴ ስሄድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው ከፈታት፣ አየ፣ አላመነም፤ ጎረቤቱን ጠርቶ አሳየው።

«ይህች መሄድ የለባትም» አለኝ። «ሆዷና ሞላዋ አይተዋወቁም። እዚህ ጋ ደግሞ አንድ ብሎን ጎድሏል፤ ጥርሱ ከጥርሱ የሚደርሰው ሲነቀንቋት ብቻ ነው። ብሎኗን ላስገባልህና ቀጥ ብላ ትሂድልህ። ለመሆኑ የትኛው ደንቆሮ ነው የገጠማት?»

አምስት ዓመት ሙሉ እሳቸውን ሳማ የኖርኩት እኔ፣ ደሜ ፈላ።

«አማቴ ናቸው! በጃንጥላ ሽቦ ነው የገጠሟት! አንተ በጃንጥላ ሽቦ ምን ገጥመህ ታውቃለህ?» ብዬ ሰዓቴን ነጥቄው ወጣሁ። ብሎኗም ሳትገባ ቀረች።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት የአያ ምንዋጋው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፣ ቀጥሎ ብሎን መያዝ፣ በመጨረሻ ዋንጫ ማንሣት። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፈነች። ሰፌዱም ወደ ጓዳ ተመልሶ እቴ ጥሩሐረግ እህል አበጠሩበት። እሳቸው ሰው እንዳያይባቸው ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አፍነው መስኮቱ ሥር ይውላሉ። ፈትቶ የሚገጥም ሰው የገዛ እጁ እንቢ ሲለው ማየት ልብ ይሰብራል።

አንድ እሑድ ልንጠይቃቸው ሄደን አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

«ስንት ሰዓት ሆነ፣ ልጄ?»

«ቆማለች፣ አባቴ።»

«አንተ ዘንድማ መች ትሄዳለች።»

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ማሰሪያዋን ፈታሁና፣ ያፈኑትን ቀኝ እጃቸውን ሳብ አድርጌ አሰርኩላቸው። እጃቸው መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ሰዓቷ መምታት ጀመረች። ጆሯቸውን አስጠጉ። እኔም አስጠጋሁ። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ብዙ አዳመጥን፤ አላቋረጠችም። አሥራ ሁለት ዓመት በእኔ እጅ አንድ ቀን ሙሉ ውላ የማታውቅ ሰዓት፣ እሳቸው እጅ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ሄደች። በሳምንቱ ስንመለስ መሪጌታ በባዶ እግራቸው ለክተው ጥላቸውና ሰዓቷ እኩል መጥተዋል።

ከዚያ በኋላ እጃቸውን ማፈን ተዉ። ወደ ዓሊዬ በረንዳ ተመለሱ። በገበያ ቀን ዓሊዬ ሆን ብሎ እየጮኸ «አያ ምንዋጋው፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ሰው ሁሉ እንዲያይ ከፍ ያደርጉታል። እኔን ሲያዩኝ ደግሞ ይስቃሉ። «አላልኩህም? ሰነፍ እጅ ላይ አትሄድም።»

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆይተው ዐረፉ፤ እቴ ጥሩሐረግ ሰዓቷን መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። አሁንም ቀኝ እጄ ላይ ናት፤ አሁንም አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ትውላለች። ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ ወዲህ ግን እየሄደች ነው። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ብዕሬን ለማስቀመጥ ግን እጄ እንቢ አለኝ።