የመሪ ማረጋጊያው ገድል

የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ እስከ ዛሬ ውለታውን በውል ያልተረዳለት አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን የማንጠራው ትሕትናውን ላለመዳፈር ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ የማንናገረው ደግሞ ከሠራተኞቹ መካከል በእርግጠኝነት የሚያውቅ ስላላገኘን ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ሕንፃ፣ ሰባት ኮሚቴና አንዲት ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለው። ኮሚቴዎቹ ሁሉ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ። ፒክአፗ ግን ትንቀጠቀጥ ነበር።

ሕመሙ የጀመራት ጥቅምት ላይ ነው። ቀስ ብላ ስትሄድ ሰላም ናት። ስድሳ ስትደርስ መሪው በሹፌሩ በመገርሳ እጅ ውስጥ እንደተያዘ ዶሮ ይፈራገጣል። መገርሳ ሃያ ሦስት ዓመት ሲነዳ ሰው ቀርቶ ድመት ያልገጨ፣ ጡረታው ሁለት ዓመት ብቻ የቀረው ሰው ነው። የዋህም ስለሆነ ማመልከቻ ጻፈ፤ «መኪናዋ ስለምትንቀጠቀጥ ትታይልኝ» የሚል።

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን ማኅተም አርፎበት መጣ። «ተሽከርካሪዋ በቆመችበት ሁኔታ በተደረገላት ጥልቅ ምልከታ ምንም ዓይነት መንቀጥቀጥ ያልታየባት በመሆኑ፣ መንቀጥቀጡ ከእጅዎ የመነጨ መሆኑ ታምኖበታል። ስለሆነም እጅዎን በአስቸኳይ እንዲያስተካክሉ እያሳሰብን፣ ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መሆኑን እንገልጻለን።» ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሹፌር እንደሚሰናበት መገርሳ ያውቃል። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ምንም አልሆኑም ነበር።

እዚህ ላይ፣ በአጋጣሚ በዚያው በጥቅምት የተፈጸመ አንድ ሌላ ታላቅ ሥራ ማንሳት ግድ ይላል። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ አስካለማርያም ንብረት ይወዳሉ። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ መጥረጊያውን፣ የመጥረጊያውንም እጀታ ለየብቻ ቁጥር ሰጥተዋል። አንድ ቀን ከፒክአፗ አራት ጎማዎች አንዱ ጎሚስታ ቤት ተቀይሮ መጣ የሚል ወሬ ሰሙ። እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በማግሥቱ ወፍራም ላሜራ አስቆርጠው፣ የንብረት ቁጥር አስቀርጸው፣ በየጎማው ቸርኬ ላይ በአንድ በኩል አስበየዱ። ጎማ ሌባው እንግዲህ ቸርኬ ከነቁጥሩ ተሸክሞ የት እንደሚደርስ እናያለን አሉ።

መገርሳ ነገሩ ሲገባው ቢሯቸው ሄደ።

«ወይዘሮ አስካለማርያም፣ መኪናዋን የሚያንቀጠቅጣት ቸርኬው ላይ ያስበየዱት ነገር ይመስለኛል።»

«የንብረት ቁጥር ያንቀጠቅጣል?»

«ቁጥሩ አይደለም፣ ብረቱ ነው። በአንድ በኩል ከበደ።»

«አቶ መገርሳ፣ የሚቀመጡበት ወንበር ላይም ቁጥር አለ። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል?»

«ወንበሩ አይሽከረከርም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የመሽከርከሩ ነዋ!» አሉና መዝገባቸውን ዘጉ። ከዚያ ራሩለትና አስረዱት። ቁጥር ከንብረት ላይ ማንሳት ንብረት ማስወገድ ነው፤ ለዚያ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ መቋቋም አለበት፤ እሱን የሚያቋቁመው ቦርድ ደግሞ አባላቱ ገና አልተሰየሙም። «አዲስ ንብረት ይገዛ ካሉኝ ግን ነገ አስፈጽምልዎታለሁ» አሉት።

መገርሳን ያዳነው፣ ወይም ያዳነው የመሰለው፣ የሥራ አስኪያጁ የአቶ ሀብተሥላሴ ሆድ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ወንበር ሆነው ሻይ እየጠጡ አስኮ ወዳለ ስብሰባ ሲሄዱ፣ ሻዩ ወደ አፋቸው መድረሱን ትቶ ክራባታቸው ላይ ደረሰ፤ የበሉትም ተናወጠ።

«አንተ መገርሳ፣ እጅህ ባሰበት እኮ!»

«መኪናዋ ናት ጌታዬ።»

«እንግዲያው መፍትሔ ይፈለግላታ!» አሉና ስልካቸውን አወጡ። ከሁለት ቀን በፊት ባዩት ቪዲዮ ላይ አንድ ፈረንጅ ከመኪናው መሪ ሥር ቀይ ቱቦ የመሰለ ነገር ሲገጥም ነበር። የመሪ ማረጋጊያ ይሉታል። አንዱ ጫፉ ሻንሲውን፣ የመኪናውን የሥር ብረት፣ ሌላው የመሪውን ዘንግ ይዞ ንዝረቱን ይውጣል። ሥራ አስኪያጁ «ይኸው!» አሉ። ስምንተኛው ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ተቋቋመ።

ኮሚቴው አራት ወር ደከመ። በመሐሉ መገርሳ «እጁን እስካሁን ባለማስተካከሉ» ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። በመጨረሻ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ አሸናፊው ታወቀ፤ አሸናፊው ያቀረበው ዕቃ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ የጠየቀ አልነበረም፤ መመሪያው ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የለም። መገርሳ ዕቃውን ከነካርቶኑ ይዞ፣ ኮልፌ ገበያ ጀርባ ወዳለው የሰዓድ ጋራዥ ነዳ። ሰዓድ የልጅነት ጓደኛው ነው።

ሻይ መጣ። መገርሳ እስከ አፉ የሞላውን ብርጭቆ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ክንዱን ዘረጋ።

«እስቲ እጄን እይልኝ።»

ሰዓድ ጎንበስ ብሎ አየ። ሻዩ ላይ ሞገድ እንኳ የለም።

«ወላሂ ይሄ እጅ ሰዓት ይፈታል። ምን ሆንክ?»

«ይንቀጠቀጣል ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጽፎብኛል።»

ሰዓድ እየሳቀ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ማረጋጊያውን በግራ ሞከረው፣ በቀኝ ሞከረው፣ ገለበጠው። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

«ይሄ የማን መኪና ነው?»

«የእኛ ነዋ።»

«መኪናዋን አላልኩም፣ ዕቃውን ነው። ማቀፊያው የሌላ ሞዴል ነው። እዚህ ጋ ስይዘው እዚያ ጋ በስንዝር ያጥራል። በግድ ብበይደው መሪው ወደ ግራ አይዞርልህም።»

«ወደ ግራ ካልዞረስ?»

«ትሄዳለህ፣ አትመለስም።» ሰዓድ ወደ ጎማው ተሳበ፤ ድምፁም ከዚያ በኩል መጣ። «ቆይ ቆይ… ቸርኬ ላይ ይሄን ብረት የበየደብህ ማነው? ጠላት አለህ?»

«የንብረት ክፍል አለኝ።»

ሰዓድ መሮና መዶሻ ጠየቀ። አራቱም ብረቶች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወረዱ። መገርሳ መኪናዋን ይዞ ቀለበት መንገድ ወጣ፤ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። መሪው እጁ ላይ ተኛ። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ እጁ ነዳ፤ ደስታው አፉን ሞልቶት ብቻውን ሳቀ።

«እንግዲህ ዕቃውን መልስላቸው» አለው ሰዓድ ሲመለስ።

«አልገጠመም ካልኳቸው ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰባል፤ እነሱ ሳይጨርሱ ሦስተኛው ደብዳቤ ይደርሰኛል። ሁለት ዓመት እኮ ነው የቀረኝ፣ ሰዓድ።»

ሰዓድ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ደረሰኙ ላይ «የመሪው ችግር ተስተካክሏል» ብሎ ጻፈ። ውሸት አይደለም። ማረጋጊያውንና አራቱን ብረቶች በጨርቅ ጠቅልለው ከኋላው ወንበር ሥር ሸጎጧቸው።

የማረጋጊያው ምረቃ ዕለት ከፒክአፗ አንዱ የጎን መስታወት እስከ ሌላው ሪባን ተወጠረ። አቶ ሀብተሥላሴ ሪባኑን ከመቁረጣቸው በፊት ለአርባ ደቂቃ ያህል ስለ መረጋጋት ተናገሩ። ማረጋጊያው የተቋሙን የማስፈጸም አቅም እንዳሳደገ፣ ሌሎችም ተቋማት መጥተው ልምድ ሊቀስሙ እንደሚችሉ አበሠሩ። ከዚያ የሞላ የውሃ ብርጭቆ ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። አስኮ ደርሰው እስኪመለሱ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። የኮሚቴው ጸሐፊ ኢህሳን «በተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ሥር የተገኘ ውጤት» ብላ በቃለ ጉባኤ ያዘችው። ማረጋጊያው በእርግጥም በዚያች ሰዓት ከሥራቸው ነበር።

በማግሥቱ ወይዘሮ አስካለማርያም አዲሱን ንብረት ቁጥር ሊሰጡት መጡ። ጎንበስ ሲሉ ግን ዓይናቸው ቸርኬዎቹ ላይ አረፈ፤ ማረጋጊያውን ረሱት፤ ጩኸታቸው ግቢውን አናጋው።

«ቁጥሮቼ! አራቱም የሉ!»

«መንገዱ መጥፎ ነው፣ ወድቀው ይሆናል» አለ መገርሳ።

ወይዘሮ አስካለማርያም የማይወድቅ አሠሩ። ላሜራው በእጥፍ ወፈረ፤ በየቸርኬውም ሁለት ሁለት ሆነ፣ አንዱ ቁጥር፣ አንዱ መጠባበቂያ። ሁለቱም በአንድ በኩል፣ ለቆጠራ እንዲያመቹ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፒክአፗ ስድሳን አልጠበቀችም፤ አርባ ላይ ትጀምር ነበር።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። የደረሰበት ድምዳሜ ከአመክንዮ አንጻር ቀዳዳ የለውም፤ ማረጋጊያ የተገጠመላት ተሽከርካሪ ልትንቀጠቀጥ አትችልም፤ ይህች ትንቀጠቀጣለች፤ ስለዚህ የሚንቀጠቀጠው ሹፌሩ ነው። ሦስተኛው ደብዳቤ ተረቅቆ ፊርማ ብቻ ቀረው። መገርሳ ሲነገረው ፈራ፤ ቀጥሎም ተናደደ፤ ቁጣው ከፍርሃቱ በለጠ። ጥቅልሉን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ኮሚቴው ወደተሰበሰበበት አዳራሽ ገባና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ማረጋጊያችሁ ነው። ከነቀለሙ። አንድ ቀን አልተገጠመም፤ የሌላ መኪና ዕቃ ነው። እስካሁን እርስዎ ተቀምጠውበት ነበር።»

ኢህሳን እስክሪብቶዋን አነሳች።

«በምረቃው ዕለትም አልተገጠመም?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አልተገጠመም።»

«ግን ውሃው አልፈሰሰም።»

«ብረቶቹን ስላነሳሁ ነዋ! እነዚህን—»

«ቆይ!» ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አነሱ፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ። «ማለትም ዕቃው ሳይገጠም፣ እንዲሁ ከወንበር ሥር ሆኖ፣ ይህን ሁሉ ሠርቷል?»

«ጌታዬ፣ አልሠራም እኮ…»

«ጻፊ፣ ኢህሳን!»

ኢህሳን ጻፈች። ማረጋጊያው ከላቀ ጥራቱ የተነሳ መገጠም ሳያስፈልገው የሚሠራ መሆኑ ተረጋገጠ። የሥራ ሂደቱን በማሳጠር ላበረከተው አስተዋጽኦ ሹፌሩ በቃል ተመሰገነ፤ ሦስተኛው ደብዳቤም ለጊዜው በይደር ተያዘ። ማረጋጊያው ውጤታማነቱ ከታየበት ሥፍራ እንዳይነቃነቅ፣ የንብረት ቁጥር ተሰጥቶት ከኋላው ወንበር ሥር እንዲበየድ ተወሰነ። ወይዘሮ አስካለማርያም ውሳኔውን በደስታ ደገፉ።

«አሁን የምትንቀጠቀጠውስ?» አለ መገርሳ።

«ማነው ትንቀጠቀጣለች ያለው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ይህንኑ ለማረጋገጥ ኮሚቴው በሙሉ፣ ግማሹ ጋቢና ግማሹ ከኋላ ጭነት ላይ ሆኖ፣ ወደ አስኮ ተጓዘ። አርባ ላይ ሥራ አስኪያጁ እንደ ምረቃው ዕለት የያዙት ውሃ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ። ሃምሳ ላይ የአንድ የኮሚቴ አባል መነጽር መንገድ ላይ ቀረ።

«ት… ት… ትንቀጠቀጣለች?» ብለው ጠየቁ አቶ ሀብተሥላሴ።

«በ… በ… በፍጹም!» አሉ አባላቱ በአንድ ድምፅ። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ እስከ ዛሬ ማንበብ የቻለ የለም፤ በሙሉ ድምፅ መጽደቁ ግን ይታወቃል።

ፒክአፗ በየቀኑ አስኮ መመላለሷን ቀጠለች፤ የማረጋጊያውን ዝና የሰሙ ጎብኚዎችን ይዛ። መገርሳም ነዳ። ምስጋና ያለው ሰው አያማርርም። በሦስተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሰዓድ ጋራዥ ጎራ ብሎ እንደ ልማዱ ሻይ አዘዘ። ብርጭቆውን አነሳ። ሻዩ አፉ ሳይደርስ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ሆነ።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለው ሰዓድ ደንግጦ።

መገርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ እጁን ዘረጋና አየው። መኪናዋ ቆማለች፣ ሞተሯም ጠፍቷል፤ እጁ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። በሌላኛው እጁ ሊይዘው ሞከረ፣ ሁለቱም አብረው ተርገፈገፉ። ኪሱን እየዳበሰ ያንን የታጠፈ የመጀመሪያ ደብዳቤ አወጣና «መንቀጥቀጡ ከእጅዎ የመነጨ» የሚለውን በወረቀቱ መርገፍገፍ መሐል በግድ አነበበው።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ ተሳስቶ ነበር የሚሉ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ አይሳሳትም፤ ደብዳቤውን ትንሽ አስቀድሞ ይጽፋል እንጂ።