እስከ ደምበጫ የሚደርስ መቀነት

ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ዛሬ ሚዛን ላይ አቁመው «መቀነትዎን ይፍቱ» አሉኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ያውም ለሁለተኛ ጊዜ!

የልጅ ልጄ ሯጭ ናት። በባዶ እግር ሲቆሙበት ስንት ስብ፣ ስንት ጡንቻ፣ ስንት ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዳለ ለስልክ የሚናገር ሚዛን ገዝታ መጣች። ወጣችበት። ስልኳን አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«ስቤ ጨምሯል» አለች፤ ምሳዋንም ሳትነካ ወደ ጎን ገፋችው። የፋሲካ ሳምንት መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት።» ወጣሁ። «ውይ፣ መቀነቱን ይፍቱት እንጂ፤ ይከብዳል!»

እዚህ ላይ ትንሽ ልረፍ።

ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከደብረ ኤልያስ መጥቼ አክስቴ እትዬ አልጋነሽ ቤት እኖር ነበር። ሯጭ ነበርኩ። ይህን ለልጆቼ እንኳ ብዙም አላወራሁም።

የስፖርት መምህራችን ህንዳዊ ነበር። «ሚስተር» እንለዋለን። አዲስ አበባ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር በስምንት መቶ ሜትር አንዲት ሴት ልጅ ብቻ እንደምትሄድ ነገረን። የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና ሙሉነሽ የምትባል የቁይ ልጅ። እኔ አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ አንድን ነገር እንደዚያ የፈለግሁ አይመስለኝም።

ሚስተር ሰዓት ይዞ መሮጣችንን ማየት ብቻ አልበቃውም። ሚዛን፣ ሜትርና እንደ ወረንጦ ያለ የብረት መቆንጠጫ ነበረው። መቆንጠጫው የክንድንና የወገብን ቆዳ ይዞ ከሥሩ ያለውን ስብ ይለካል። በሁዳዴ ጾም አስለካንና በእኔ ደስ አለው። «ከፋሲካ በኋላ ደግሜ አስለክቼ እወስናለሁ» አለ።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት!

ጾም ምን እንደሆነ ያውቃል። መፈሰክ ምን እንደሆነ ግን ማን ይንገረው?

ለእትዬ አልጋነሽ ነገርኳት።

«በሚዛን ነው የሚመርጡት?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያማ ቀላል ነው! አጥንትሽ ገጥጦ አዲስ አበባ ገብተሽ፣ ጎጃም እህል ጠፋ ልታሰኚ ነው? ነይ ብይ!»

እኔም አመንኳት። ቅቤው፣ ማሩ፣ ቡናው፣ ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ሲከብድ አይደል የሚወደደው? ሚስተር ነገሩን በእንግሊዝኛ አስረድቶ ነበር። እኔ የገባኝ ግማሹ ነው። ያልገባኝ ግማሽ ዋናው ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ በላሁ። ዶሮው አለቀ፣ ገንፎ መጣ። ገንፎው መሐል ያለው ቅቤ ፊቴን ያሳየኝ ነበር። በመለኪያው ጠዋት ደግሞ እትዬ የራሷን ረጅም መቀነት አምጥታ ከዩኒፎርሜ ሥር ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝ። «ጥቂትም ቢሆን ይጨምርልሻል።»

የሚለኩን የቤት አያያዝ መምህርታችን ነበሩ፤ ከመጋረጃ ጀርባ። ሚስተር ውጭ ቆሞ ይጽፋል። የወገቤን ልክ ጠርተው ሲነግሩት መጻፉን አቆመ።

«ሜትሩን ገልብጠው ይዘውት ይሆናል» አለ።

አልገለበጡትም። ሸሚዜን ገለጥ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ምንድን ነው? ፍቺው!»

ፈታሁ። ዞርኩ፤ ፈታሁ። ዞርኩ፤ ፈታሁ። ጫፉ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ተሰልፈው ወደሚጠብቁት ልጆች ሄደ።

«ኧረ ገና አላለቀም! ይህ እስከ ደምበጫ ይደርሳል!» አለች አንዷ።

«መምህርት፣ ላቷንም ይዳስሱ! በግ እንዲህ ነው የሚገዛ!» አለች ሌላዋ።

ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

መቆንጠጫው አልሳቀም። ወገቤን ያዘ፣ ክንዴን ያዘ። ሚስተር የፊተኛውንና የኋለኛውን ልክ አስተያየ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ በመምህርቷ አስተርጓሚነት እንዲህ አለኝ፦ «ኪሎ ብቻውን አይናገርም። ሁለት ልጆች እኩል ይመዝናሉ፤ አንዷ ጡንቻ ይዛለች፣ ሌላዋ ስብ። ጡንቻ ይሮጣል። ስብ ተሳፋሪ ነው።»

ተሳፋሪው አስቀረኝ። ሙሉነሽ ተመረጠች።

ሙሉነሽ ግን ደስ አላላትም። «እኔ እኮ ዳገት ላይ ደርሼብሽ አላውቅም» አለችኝ። ብቻዋን ተከራይታ ነው የምትማር። ለፋሲካ ወደ ቁይ የምትሄድበት ገንዘብ አጥታ እዚያችው ክፍሏ ውስጥ በደረቅ ቆሎ ፈሰከች። መቆንጠጫው ቆዳዋ ሥር ምንም ያላገኘው ለዚህ ነው። ረሃብና ብቃት ለብረት አንድ ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛውን ዙር አልጨረሰችም። «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለችኝ ስትመለስ። «ከዚያ ሚስተር መጥቶ ‹ምን በላሽ?› አለኝ።»

ይህን ጥያቄ ከመለካቱ በፊት ማንም አልጠየቃት። እኔም ጭምር።

ሚስተር ከዚያ ወዲህ መቆንጠጫውን ይዞ አላየነውም። በሚቀጥለው ዓመት ይወስደኝ ይሆናል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ በአድማ ተዘጋ። ሩጫውም ቀረ፤ ቆይቶ ንጉሡም ቀሩ።

እንግዲህ ዛሬ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። የልጅ ልጄ ቁጥሬን ትጠብቃለች። ምሳዋ ይቀዘቅዛል።

«ከፈታሁት ትበያለሽ?» አልኳት።

«እማማ ደግሞ! እሺ፣ እበላለሁ።»

ፈታሁ። ዞርኩ፤ ፈታሁ። ስልኳን ረስታ ሳቋ መጣ። «ኧረ ይህ ማለቂያም የለው!»

ከዚያ ቁጭ ብላ በላች። እንጀራም ጨመረች።

ስልኩ ስለ እኔ ያለውን ግን አልነግራችሁም። ተሳፋሪዎቹ ብዙ ናቸው። ከስንት ዘመን ጀምረው አብረውኝ የሚጓዙትን፣ አሁን በየትኛው ዳገት ላይ ላውርዳቸው?